ሙሉ ዓሣ ሳይቀደድ መጥበስ፣ ስጎውንም በሰዓቱ ማፍሰስ

እሑድ ማታ እኛ ቤት ዓሣ ነው። አምስት ነን፤ እኔ፣ ባለቤቴ፣ ወንዱ ልጃችን፣ ትንሿ ልጃችንና እማዬ። ትልቁ ሳህን መሃል ይቀመጣል። ሁለት ዓሣ ከነጭንቅላቱ ከነጅራቱ ይጋደምበታል። ስጎው ለብቻው በትንሿ ድስት እየተንተከተከ ይመጣል። ጭልፋውን የምትይዘው ትንሿ ልጄ ናት። ስጎው ቆዳው ላይ ሲያርፍ "ቸስ" ይላል። ከዚያ ሁሉም እጁን ይሰነዝራል።

ይህን "ቸስ" ለማግኘት ብዙ ጊዜ ፈጅቶብኛል። ዓሣዬ ይቀደድ ነበር። ቆዳው መጥበሻው ላይ ይቀራል፣ ሥጋው ይፈረፈራል። ሳይቀደድ የወጣልኝ ቀን ደግሞ ስጎው ውስጥ ርሶ ይላሽቃል። አሁን ምክንያቱን አውቄዋለሁ። ሙሉ ዓሣን የሚያበላሹት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ውሃና ችኮላ። ከዚህ በታች የምነግራችሁ አብዛኛው ነገር ዞሮ ዞሮ ወደ እነዚህ ሁለቱ ይመለሳል።

ቁርጥራጭ መጥበስ እንደሚቀል አውቃለሁ። ግን ሙሉው ዓሣ ቆዳው ዙሪያውን ስለሚሸፍነው፣ አጥንቱም ከውስጥ ስለሚይዘው ሥጋው ቶሎ አይደርቅም። ጉንጩ ላይ ያለችው ትንሽ ሥጋ ደግሞ ከዓሣው ሁሉ የምትጣፍጠው ናት። እኛ ቤት ያቺ የእማዬ ድርሻ ናት፤ ማንም አይከራከርም።

ዓሣውን ስትመርጡ

ለአምስት ሰው እያንዳንዳቸው ከ600 እስከ 700 ግራም የሚመዝኑ ሁለት ዓሦች ይበቃሉ። አንድ ትልቅ ዓሣ ከመግዛት ሁለት መካከለኛ ይሻላል። ትልቁ ውስጡ እስኪበስል ውጪው ያርራል፤ መጥበሻም አይበቃውም። የእኔ መጥበሻ 30 ሴንቲ ሜትር ነው። ጅራቱ ትንሽ ወጣ ቢል ግድ የለም፣ ሆዱና ጭንቅላቱ ግን ውስጥ መተኛት አለባቸው።

ቆሮሶ፣ ቀይ ስናፐር ወይም ሲ ባስ ለዚህ ሥራ ይሆናሉ። ሥጋቸው ጠንከር ያለ ነው፣ አይፈራርስም። ዓይኑ ጥርት ብሎ ወጣ ያለ፣ ስንጥቡ (መተንፈሻው) ቀይ የሆነ፣ በጣት ሲጫኑት ተመልሶ የሚሞላ ዓሣ ፍሬሽ ነው። ሽታው የውሃ ሽታ መሆን አለበት። አፍንጫን የሚወጋ ሽታ ካለው ምንም ቢረክስ ተዉት።

በረዶ የሆነ ከሆነ ከዋዜማው ማታ ጀምሮ ፍሪጅ ውስጥ ይቅለጥ። ከቸኮላችሁ ውሃ በማያስገባ ፕላስቲክ አሽጋችሁ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ንከሩት፤ ውሃውን በየግማሽ ሰዓቱ ቀይሩ፣ እንደቀለጠም ወዲያው አብስሉት። ጠረጴዛ ላይ ውሎ እንዲቀልጥ አትተዉት። መሃሉ ገና በረዶ የሆነ ዓሣ ደግሞ ፈጽሞ ወደ ጋለ ዘይት አይገባም።

ማጽዳትና መሰንጠቅ

ሻጩ "ጸድቷል" ቢላችሁም እንደገና ቼክ አድርጉ። ጣታችሁን ከጅራት ወደ ጭንቅላት ሳቡ። ቅርፊት ካለ ይይዛችኋል። ብዙ ጊዜ የሚቀረው ክንፎቹ ሥርና አንገቱ አካባቢ ነው። በቢላዋ ጀርባ ከጅራት ወደ ራስ እየፋቃችሁ አውጡት። ስንጥቡ ካልወጣ በመቀስ ቆርጣችሁ አውጡ፤ እሱ ከቀረ ይመርራል። ሆዱ ውስጥ ጥቁር ስስ ሽፋን ካለ በሶፍት ፈግፍጋችሁ አንሱት። ከአከርካሪው ሥር ተጋግሮ የሚቀረውን ደምም በማንኪያ ጫፍ ጫሩት። "ዓሣ ይሸተኛል" የሚሉ ሰዎችን የሚያስቸግራቸው ብዙውን ጊዜ ይኸው ደም ነው። የጀርባውን እሾሃማ ክንፍ በመቀስ ቁረጡ። እጅ ይወጋል፣ ቶሎም ያርራል።

አሁን በሁለቱም ጎን ሦስት ሦስት ስንጥቅ አውጡ። አግድም ዘመም አድርጋችሁ፣ በመካከላቸው 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ትታችሁ፣ ቢላዋው አጥንቱን እስኪነካ ቁረጡ። አጥንቱ ግን አይቆረጥ። ይህ ለጌጥ አይደለም። ቆዳ ሲግል ይኮማተራል። ካልተሰነጠቀ ዓሣውን እንደ ቀስት ያጎብጠዋል፤ የጎበጠ ዓሣ ደግሞ መሃሉ ብቻ ያርርና ጫፎቹ ጥሬ ይቀራሉ። ጨውም ሙቀትም በዚያው ስንጥቅ ይገባሉ። በኋላ ስጎውም የሚሰርገው በዚያው ነው።

ውሃውን ማውጣት

ግራ እጄ አንጓ ላይ የሳንቲም ያህል ጠባሳ አለች። ከስድስት ዓመት በፊት የመጣች ናት። ዓሣውን ከውጭ አድርቄ ሆዱን ረስቼ ነበር። ዘይቱ ውስጥ ሳስገባው መጥበሻው ፈነዳ ማለት ይቻላል። ልጄ ያኔ ሕፃን ነበረች፣ አጠገቤ ወንበር ላይ ተቀምጣ። ዘይቱ እሷ ጋ አልደረሰም። ያን ቀን ማታ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ከዚያ ወዲህ ዘይት ሲግል ልጆች ወደ ምድጃው እንዳይጠጉ መስመር አስምሬያለሁ። ይህን ክፍል ዘርዘር አድርጌ የምጽፈው በዚህ ምክንያት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ውሃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል። የመጥበሻ ዘይት ደግሞ ወደ 180 ዲግሪ ነው። ውሃ ከዘይት ስለሚከብድ ወደ ታች ይወርዳል፣ እዚያ ባንዴ እንፋሎት ይሆናል፣ ላዩ ያለውን ዘይት ይዞት ይወረወራል። ከመፈናጠሩም ሌላ ቆዳው ላይ ያለ ውሃ ተንኖ እስኪያልቅ ቆዳው አይጠበስም፣ ይቀቀላል እንጂ። የተቀቀለ ቆዳ ይጣበቃል። እማዬ "ውሃ የያዘ ዓሣ ዘይቱን ያስቆጣዋል" ትለኝ ነበር፤ እኔ ለማመን ጊዜ ወሰደብኝ።

ስለዚህ ዓሣውን ቶሎ አለቅልቃችሁ በሶፍት ወይም በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉት። ለእያንዳንዱ ዓሣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ውሰዱ። ከውጭ፣ ከሆዱ፣ ከስንጥቆቹ ውስጥ እሹት። 20 ደቂቃ ጠብቁ። ጨው ከሥጋው ውሃ ይስባል፤ ላዩ ላይ ጤዛ መሳይ ነገር ታያላችሁ። ያንን እንደገና ጥረጉት። ሆዱን ክፈቱና ጥረጉ። አፉን ክፈቱና ጥረጉ። ስንጥቆቹን አንድ በአንድ ጥረጉ። ለሁለት ዓሣ ወደ ስምንት ሶፍት ይሄድብኛል፤ አይቆጨኝም። ጊዜ ካላችሁ ሽቦ ነገር ላይ አጋድማችሁ ሳትከድኑት አንድ ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ አቆዩት። የፍሪጁ ደረቅ አየር የቀረውን ይጨርሰዋል።

ሎሚን በተመለከተ አንድ ነገር ልበል። ብዙ ሰው ዓሣውን ለሰዓታት ሎሚ ውስጥ ይዘፈዝፈዋል። ይህ ልክ አይመስለኝም። አሲዱ የሥጋውን ፕሮቲን ያጠነክረዋል፤ ላዩ ነጣ ብሎ ይደርቃል። ሎሚ ሽታ መቀነሱ እውነት ነው። ዓሣ ቆየት ሲል የሚሸቱት ነገሮች ከአሲድ ጋር ሲገናኙ ወደ አየር መውጣታቸው ይቀንሳል። ግን ለዚያ ከጨው በፊት አምስት ደቂቃ ማሸትና መጥረግ ይበቃል። የቀረውን ሎሚ ለማዕድ አስቀሩት።

ስጎው ይቅደም

ዓሣው ጨው ይዞ በተቀመጠበት ጊዜ ስጎውን እሠራለሁ። ዓሣ ከተጠበሰ በኋላ ስጎ መጀመር ማለት ዓሣው ቁጭ ብሎ እንዲላሽቅ መፍረድ ነው።

አንድ ትልቅ ቀይ ሽንኩርት በስሱ ርዝመቱን ተከትላችሁ ቁረጡ። ስድስት ፍሬ ነጭ ሽንኩርትና የአውራ ጣት ያህል ዝንጅብል ክተፉ። ሦስት የበሰለ ቲማቲም ፈቅፍቁ፣ ልጣጩን ጣሉ። ሁለት ቃሪያ ሰንጥቃችሁ ፍሬውን አውጡ፤ የሚያቃጥል የምትወዱ ከነፍሬው ተዉት።

ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ውስጥ ሽንኩርቱን በመካከለኛ እሳት ሰባት ስምንት ደቂቃ አቁላሉት። ጫፍ ጫፉ ቡኒ ሲል ነጭ ሽንኩርቱንና ዝንጅብሉን ጨምሩ። ከአንድ ደቂቃ በላይ ብቻቸውን አታቆዩአቸው፤ ነጭ ሽንኩርት ካረረ ስጎው ሁሉ ይመርራል፣ መመለሻም የለውም። አንድ የሾርባ ማንኪያ የቲማቲም ድልህ ጨምራችሁ ዘይቱ ቀይ እስኪሆን አማስሉ። ከዚያ ቲማቲሙን አስገቡ። አሥር ደቂቃ ያህል ሲንተከተክ ውሃው ይቀንሳል፣ ዘይቱ በጠርዙ በኩል መውጣት ይጀምራል።

አሁን ሁለት የሾርባ ማንኪያ ሶይ ሶስ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ ብርጭቆ ውሃና ቃሪያውን ጨምሩ። ጨው አትጨምሩ። ሶይ ሶስ ራሱ ጨው ነው፣ ዓሣውም ጨው ይዟል። ሦስት ደቂቃ ካንተከተካችሁት በኋላ አንድ የሻይ ማንኪያ የበቆሎ ስታርች በሁለት የሾርባ ማንኪያ ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጣችሁ እያማሰላችሁ አፍስሱ። ወፈር ብሎ የማንኪያውን ጀርባ ሲሸፍን እሳቱን አጥፉ።

አንድ የሾርባ ማንኪያ አቼቶ የሚገባው በመጨረሻ ነው። ቀድሞ ከገባ የሚያነቃው ነገር በእንፋሎቱ ይሄዳል። ስትቀምሱት ብቻውን ሳይሆን ከትንሽ ሩዝ ጋር ቅመሱ። ብቻውን ሲቀመስ ትንሽ የበረታ የሚመስል ስጎ ዓሣው ላይ ልክ ይሆናል።

መጥበሱ

ሁለት የሾርባ ማንኪያ ፉርኖ ዱቄት፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የበቆሎ ስታርች፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቁንዶ በርበሬ፣ ለመልክ ትንሽ እርድ አደባልቁ። ስታርቹ ነው ቆዳውን ኩርሽም የሚያደርገው። ዱቄት ብቻውን ቶሎ ይለሰልሳል። ዓሣውን ዱቄት የምታለብሱት ዘይቱ ከጋለ በኋላ ብቻ ነው። ቀድማችሁ ካለበሳችሁት ዱቄቱ እርጥበት ይስብና ሊጥ ይሆናል። ስንጥቆቹ ውስጥም ዱቄቱን አስገቡ፣ ከዚያ ጅራቱን ይዛችሁ የተረፈውን አራግፉ።

ከባድ መጥበሻ ውስጥ 1.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍታ የሱፍ ዘይት ጨምሩ። ዘይቱ የመጥበሻውን ግማሽ ማለፍ የለበትም። ቴርሞሜትር ካላችሁ 180 ዲግሪ ጠብቁ። ከሌላችሁ የእንጨት ማማሰያ ጫፉን ንከሩበት። ዙሪያውን ጥቃቅን አረፋ ቶሎ ቶሎ ከወጣ ደርሷል። ከጨሰ አልፏል፤ ከእሳቱ አውርዳችሁ ትንሽ ይብረድ።

ጅራቱን ያዙ። ጭንቅላቱን አስቀድማችሁ ከራሳችሁ በተቃራኒ አቅጣጫ ቀስ አድርጋችሁ አስተኙት። ያኔ የሚፈናጠር ካለ ወደ እናንተ አይመጣም። አንድ በአንድ ጥበሱ። ሁለቱን ባንዴ ካስገባችሁ ዘይቱ ይቀዘቅዛል፣ ዓሣውም ዘይት ይጠጣል።

ከዚያ አትንኩት። እኔ የምቸገረው እዚህ ላይ ነበር። ማንሳት፣ ማየት፣ ገፋ ማድረግ ያምረኝ ነበር። ዓሣ ገና ሲገባ ፕሮቲኑ ብረቱን ይይዛል። ቆዳው ደርቆ ቅርፊት ሲያወጣ ግን ራሱ ይለቃል። ከዚያ በፊት የጎተተ ሰው ቆዳውን ነው የሚጎትተው። ስድስት ደቂቃ ያህል ስጡት። በዚያ መሃል ከላይ ያለውን ጭንቅላቱንና ወፍራሙን ጀርባ በማንኪያ ትኩስ ዘይት እያፈሰሳችሁ አጠቡት።

ጆሯችሁን ስጡት። መጀመሪያ የሚንጫጫው ዘይት እየረገበ ይሄዳል፤ ውሃው እያለቀ ነው ማለት ነው። ትንሿ ልጄ ከመስመሩ ማዶ ቆማ "አባዬ፣ ድምፁ ተቀየረ" ትለኛለች። ብዙ ጊዜ ከሰዓቴ ቀድማ ነው የምታውቀው። መጥበሻውን በስሱ ስትነቀንቁት ዓሣው ራሱ ከተንሸራተተ ይገልበጥ። ሰፊ መገልበጫ ከሥሩ፣ ማንኪያ ከላዩ ይዛችሁ፣ አሁንም ከራሳችሁ በተቃራኒው አዙሩት። ሌላው ጎን አምስት ደቂቃ ያህል ይበቃዋል።

መብሰሉን የማየው ከጭንቅላቱ ኋላ ባለው ወፍራም ቦታ ነው። በሹካ ጫፍ ስንጥቁን ከፈት ሳደርገው ሥጋው ነጥቶ ከአጥንቱ በቀላሉ መላቀቅ አለበት። ብርሃን የሚያሳልፍ፣ መስታወት መሳይ ሥጋ ካለ ሁለት ደቂቃ ጨምሩለት። በቴርሞሜትር ከሆነ 63 ዲግሪ።

የወጣውን ዓሣ ሶፍት ላይ አታስተኙት። ከሥሩ እንፋሎት ይታፈናል፣ የደከማችሁበት ቆዳ ያልባል። ሽቦ ላይ ይቀመጥ። ሁለተኛው እስኪደርስ የመጀመሪያውን 100 ዲግሪ ኦቨን ውስጥ ማቆየት ይቻላል። ስጎውን በዚህ ሰዓት መልሳችሁ አሙቁ።

ምናልባት ዘይቱ እሳት ከያዘ ውሃ አታፍስሱበት። ምድጃውን አጥፉ፣ በብረት ክዳን ድፈኑት፣ መጥበሻውን አታንቀሳቅሱ። ክዳኑን ዘይት ማሞቅ ሳትጀምሩ አጠገባችሁ አድርጉት።

ማዕድ ላይ

አማቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓሣዬን ሊበሉ የመጡ ቀን ስጎውን ወጥ ቤት አፍስሼ፣ ሙቀቱ እንዳይሄድ ብዬ ከድኜ ነበር ያመጣሁት። ስከፍተው ቆዳው ተልጦ ስጎው ላይ ተንሳፏል። እሳቸው "ይጣፍጣል ልጄ" ብለው በሉ። እኔ ግን ሳህኑን እያየሁ አዘንኩ። ዓሣው እኮ ያለ እንከን ወጥቶልኝ ነበር። ስጎ እንፋሎትና ውሃ ነው፤ ኩርሽም ያለ ቆዳ ክዳን ሥር አሥር ደቂቃ አይቆይም።

አሁን ከስጎው ግማሹን ሳህኑ ላይ ዘርግቼ ዓሣውን ከላዩ አስተኛለሁ። የቀረው የሚፈስሰው ሁሉም ከተቀመጠ በኋላ ነው፤ ያውም መሃሉ ላይ ብቻ። ጭንቅላቱና ጅራቱ ደረቅ ይቀራሉ። ከላዩ የድንብላል ቅጠል፣ ከጎኑ ሎሚ። ከነጭ ሩዝ ወይም ከዳቦ ጋር ይሄዳል።

ሲበላ ከጭንቅላት እስከ ጅራት በጎኑ መሃል ባለው መስመር በማንኪያ ጠርዝ ክፈቱት። የላዩን ሥጋ ወደ ጀርባ፣ የታችኛውን ወደ ሆድ ገፋ ገፋ አድርጉ። አከርካሪው ይገለጣል። ከጅራቱ በኩል ይዛችሁ ቀስ አድርጋችሁ ስታነሱት ከነጭንቅላቱ ባንዴ ይወጣል። ከሥር ያለው ሥጋ ሙሉውን ይቀራል። ለልጆች ከጀርባው በኩል ያለውን ወፍራም ሥጋ ስጡ። የሆዱ በኩል ጥቃቅን እሾህ ይበዛዋል። ቢሆንም በጣታችሁ ዳብሳችሁ ስጧቸው። እሾህ ጉሮሮ ላይ ተሰክቶ አልወጣ ካለ ዳቦ ጎርሶ መግፋት ይብስበታል፤ ሐኪም ጋ ሂዱ።

ዘይቱ ሲበርድ አጥልላችሁ በጠርሙስ አስቀምጡ፤ የሚሆነው ለሌላ ዓሣ ብቻ ነው። ከጠቆረ ወይም ከወፈረ ይጣል፣ ግን ወደ ቧንቧ አይደፋ።

የተረፈ ዓሣ በሁለት ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ መግባት አለበት። እኔ እሾሁን ለቅሜ ሥጋውን ስጎው ውስጥ እበትነዋለሁ። ሰኞ ማታ ወንዱ ልጄ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ቦርሳውን ሳያወርድ ፍሪጁን ይከፍታል። ስጎውን በደንብ አሙቆ ዳቦ ሰንጥቆ ውስጡ ይጨምራል። "ከእሑዱ ይሄ ይበልጣል" ይላል፤ እኔም ግማሹን እንዲያካፍለኝ አጠገቡ እቀመጣለሁ።